ጎማን ያለ ማሽን ባላንስ ማድረግ

«ባላንስ» በመባል የሚታወቀው ሥራ በቸርኬ ላይ የተገጠመ ጎማ ክብደቱ በዙሪያው ሁሉ እኩል እንዲሆን ማድረግ ነው። ብዙ ባለ መኪናዎች የጎማዎችን አቅጣጫ ከሚያስተካክለው ከ«አላይመንት» ጋር ያምታቱታል፤ ይሁን እንጂ አንዱ ሌላውን አይተካም፣ ጉድለታቸውም ለየብቻ ይታያል። አላይመንቱ የተዛባ መኪና ወደ አንድ ጎን ይስባል ወይም ጎማውን በአንድ በኩል ይበላል፤ ባላንስ የሌለው ጎማ ግን ፍጥነት ሲጨምር ይነጥራል፣ መሪውንም ያንቀጠቅጣል።

የክብደቱ ልዩነት በግራም የሚቆጠር ሆኖ ሳለ ይህን ያህል የሚያስቸግረው ከጎማው ዙረት የተነሣ ነው። ከመሐሉ እስከ ጠርዙ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጎማ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በሴኮንድ 15 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ በዚህ ፍጥነት ከመሐሉ 20 ሳንቲ ሜትር ርቆ የተቀመጠ 30 ግራም ትርፍ ክብደት የ5 ኪሎ ግራም ሸክም በሚጫንበት ኃይል ወደ ውጭ ይስባል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ ሩብ ስለሚወርድ፣ በ50 ኪሎ ሜትር የሚቀረው 1.3 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ከጣርማ በር ተነሥቶ ወደ ሞላሌና መሐል ሜዳ የሚዘልቅ፣ ወይም ወደ ግሼ ራቤል በጠጠር መንገድ የሚጓዝ አሽከርካሪ ጉድለቱን ሳያውቅ ወራት ሊያሳልፍ የሚችለው ለዚህ ነው፤ ንቅጥቅጡ የሚገለጠው ወደ ደብረ ብርሃኑ አስፋልት ወጥቶ ነዳጅ ሲረግጥ ነው፤ ያን ጊዜም ጥፋቱ በአብዛኛው በመሪው ላይ ይላከካል።

ደጋው ለባላንስ መዛባት የራሱ ምክንያቶች አሉት። በክረምት የዋልካ ጭቃ ከቸርኬው ውስጠኛ ጎን ተለጥፎ ይደርቅና በአንድ ወገን ብቻ ሲቀር ከየትኛውም የፋብሪካ ጉድለት የበለጠ ክብደት ይጨምራል፤ ድንጋይ ደግሞ ቸርኬውን ያጎብጣል፣ የተለጠፈውንም ሚዛን መጠበቂያ እርሳስ ያራግፋል። ስለዚህ ከማንኛውም ዘዴ በፊት ጎማውን ከውስጥም ከውጭም አጥቦ ማየት ይገባል፤ ገንዘብ የተከፈለበት ባላንስ ጭቃን ከመመዘን ያላለፈ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ማሽን በሌለበት በጣም የሚታመነው ዘዴ የዘንግ ዘዴ ሲሆን፣ ከሁሉ ይልቅ ለሞተር ብስክሌት ይስማማል። ጎማው ከነቸርኬው ይፈታና ፍሬንም ሆነ ሰንሰለት እንዳይዘው ተደርጎ ቀጥ ያለ ዘንግ በመሐሉ ያልፋል፤ ዘንጉም ቁመታቸው እኩል በሆነ ሁለት መደገፊያዎች ላይ ያርፋል። በቀስታ ተገፍቶ ሲለቀቅ ጎማው ይዞር ይዞርና ጥቂት ወዲያና ወዲህ ተወዛውዞ ይቆማል፤ በዚያን ጊዜ ከታች የዋለው ቦታ ከባዱ ነውና በጠመኔ ምልክት ይደረግበታል። ሙከራው ጎማውን ከተለያየ ቦታ በማስነሣት መደገም አለበት፤ ምክንያቱም ኩሽኔታው ግሪስ አጥቶ ከደረቀ ወይም ከተበላ ጎማው በክብደቱ ሳይሆን በኩሽኔታው እምቢታ ይቆማል። ያው ምልክት ደጋግሞ ወደ ታች ከወረደ ከምልክቱ ትይዩ፣ ማለትም ከላይ በኩል፣ ትንሽ እርሳስ በፕላስተር ለጊዜው ይያያዛል፤ ራጅ በሚባሉት ሽቦዎች የተሠራ ቸርኬ ከሆነም የብየዳ ቆርቆሮ ሽቦ በራጁ ላይ ይጠመጠማል። ጎማው በየትኛውም አቅጣጫ ሲቆም ሳይንቀሳቀስ በዚያው ከጸና ሥራው አልቋል፤ የሚቀረው ክብደቱን ከፍሬኑ ርቆ እንዳይወድቅ አድርጎ ማሰር ነው።

ይህ ዘዴ ጎማውን በአንድ ስስ ክብ መልክ ስለሚመዝን ስፋት ላለው ጎማ ግማሽ መልስ ብቻ ይሰጣል። በሚኒባስ ወይም በአይሱዙ የፊት ጎማ ላይ አንዱ ትርፍ ክብደት በውስጠኛው ጠርዝ፣ ሌላው በትይዩው በውጭኛው ጠርዝ ቢገኝ በዘንግ ላይ ሁለቱ ስለሚጣፉ ጎማው ባላንስ ያለው ይመስላል፤ ሲሽከረከር ግን ግራና ቀኝ ይወላገዳል። ጎማውን አጋድሞ በግንበኞች ውሃ ልክ ውስጥ እንዳለው ዓይነት አረፋ የሚመዝነው መሣሪያም መብራት የማያስፈልገው ቢሆንም ከዚህ ድክመት አያመልጥም። ውስጡንና ውጩን ለየብቻ ለክቶ ስንት ግራም የት እንደሚለጠፍ የሚያመለክተው ማሽኑ ብቻ ነው።

በጎማው ውስጥ ትናንሽ የመስተዋት ወይም የሴራሚክ እንክብሎችን መጨመር ሌላው አማራጭ ነው። እንክብሎቹ ጎማው በበቂ ፍጥነት ሲዞር ከከባዱ ቦታ ተቃራኒ ይሰበሰባሉ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ግን ይወድቃሉ፤ ስለዚህ ጥቅማቸው ለረጅምና ወጥ ጉዞ ነው። ከሙከጡሪ ወደ ዓለም ከተማ ሲኬድ በጀማ ሸለቆ ቁልቁለት ጠመዝማዛው ፋታ ስለማይሰጥ ቦታቸውን የሚይዙበት ፍጥነት አይገኝም። በዚያ ላይ እርጥበት ያጣብቃቸዋል፣ ቫልቩንም ሊደፍኑ ይችላሉ፤ ለዚህ ለመርሐቤቴ መንገድ የሚመከሩ አይደሉም። ለብስ ማስቆሚያ የሚጨመረው ፈሳሽም እንደ ባላንስ መድኃኒት ሊቆጠር አይገባውም።

ወጪ የሌለው ጥንቃቄ ግን በጎሚስታው እጅ ነው። በአዲስ ጎማ ላይ ያለው ቢጫ ነጥብ ቀላሉን ቦታ ስለሚያመለክት ከቫልቩ አጠገብ ይገጠማል፤ አሮጌ ጎማ ለብስ ሲፈታም አስቀድሞ በቫልቩ አንጻር ምልክት ተደርጎበት ወደነበረበት ቢመለስ የቀድሞው ባላንስ ብዙ አይናጋም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የእርሳስ ሚዛን መጠበቂያን ስለከለከለ በዚንክና በብረት ተተክቷል፤ እርሳስ የሚነካ ባለሙያም መርዛማነቱን አስቦ ከምግብ በፊት እጁን በሳሙና መታጠብ አለበት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ መንቀጥቀጡ ካልቆመ የጎበጠ ቸርኬ፣ የተበላ ኩሽኔታ ወይም የላላ የመሪ ዕቃ ይፈለጋል። ጎኑ ያበጠ ጎማ ከተገኘ ግን ውስጡ ያለው ክር ተበጥሷልና ባላንስ አይደረግለትም፤ ወዲያውኑ ይቀየራል።