የጋለ ሞተር ይታደስ ወይስ ይለወጥ?

በኬንያ ሰሜናዊ ጫፍ የምትገኘው ሞያሌ ከኢትዮጵያዋ ሞያሌ ጋር የምትጎራበት የጠረፍ ከተማ ናት። ከናይሮቢ የተነሣ መኪና ኢሲዮሎን ካለፈ በኋላ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፥ የማርሳቢትን ተራራ ወጥቶና የዲዳ ጋልጋሉን ጠፍ ምድር አቋርጦ ይደርስባታል። ይህ መንገድ የድንጋይና የአቧራ በነበረበት ዘመን ባለ መኪና የሚፈራው የጎማ መቀደድንና የባሌስትራ መሰበርን ነበር። አስፋልት ከተነጠፈ ወዲህ ግን ጉዞው ፈጥኗል። ያረጀ መኪና ከባድ ጭነት ይዞ በቆላ ፀሐይ ረጅም ሰዓት ሲሮጥ የሚገጥመው ፈተና የሞተር መጋል ነው።

ነገሩ ለባለ መኪናው ቀላል አይደለም። ብዙ ጊዜ መኪናው የቤተ ሰቡ እንጀራ ነው፤ በቆመበት ቀን ሁሉ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያና የቤት ኪራይ አብረው ይቆማሉ። እንግዲህ ሞተሩ ፈልቶ በጋራዥ ደጃፍ ሲቆም የሚነሣው ጥያቄ ይጠገን ወይስ በሌላ ይለወጥ የሚለው ነው። መልሱን በችኰላ የሚሰጥ ሰው ገንዘቡን ሁለት ጊዜ እንዲከፍል ይገደዳል፤ ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለና። ይኸውም ሞተሩን ያጋለው ምንድን ነው የሚለው ነው።

ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ በምትገኘው በሞያሌ ግን 97 ዲግሪ እንኳ ሳይሞላ ይፈላል። የራዲያተር ክዳን ግፊቱን አምቆ በመያዝ የመፍያውን ልክ ወደ 120 ዲግሪ ያቀርበዋል። ስለዚህ ጎማው የደረቀ አንድ ክዳን ብቻውን ሞተርን ሊያፈላ ይችላል። ማዕድንና ጨው የበዛበት የጉድጓድ ውኃ በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ እየረጋ ይደፍናቸዋል፤ አቧራና ትንኝ የነፋሱን መግቢያ ይዘጋሉ፤ ቺንጋ ይላላል፤ የውኃ ፓምፕ ይደክማል። ከእነዚህ አንዱ ሳይታረም አዲስ ሞተር ቢገጠም፥ አዲሱም እንደ አሮጌው መፍላቱ አይቀርም።

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ የጉዳቱ መጠን ይመረመራል። ውኃው የሚፈስበት ሳይታይ የሚጎድል ከሆነ፥ ከጢስ ማውጫው ነጭ ጢስ ከበዛ፥ ዘይቱም ወተት የተቀላቀለበት ከመሰለ፥ በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ጓርኒሲዮን መቃጠሉ ያጠራጥራል። አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል ስለሚለጠጥ፥ ከመጠን በላይ የጋለ ቴስታታ ይጎብጣል፤ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል መጉበጥ እንኳ ችግር ያስከትላል። ይህም ቢሆን ቴስታታው በቶርኖ ቤት ተስተካክሎና አዲስ ጓርኒሲዮን ገብቶለት የሚድን ጉዳት ነው። ነገር ግን ፒስቶኖቹ የሲሊንደሩን ግድግዳ ከፋቁት ወይም የሞተሩ አካል ራሱ ከተሰነጠቀ፥ ያን ጊዜ ሙሉ እድሳት ወይም ልውውጥ የግድ ይሆናል። ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው ግምት ሳይሆን የሲሊንደሩን ግፊት የሚለካ መሣሪያና ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ነው። ሳይለካ «ሞተሩ አልቋል» የሚል መካኒክ ቢገኝ፥ ሁለተኛ መካኒክ መጠየቅ ነውር አይደለም።

መለወጥ በበኩሉ የራሱ ዕዳ አለው። በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራም ሆነ በናይሮቢ ኪሪንያጋ መንገድ ያገለገለ ሞተር ተፈልጎ ሊገኝ ይችላል፤ ዳሩ ግን ያገለገለ ሞተር ውጭው ታጥቦ ቢያብረቀርቅም፥ ቀድሞ ጋሎ እንደ ነበር ፊቱ አይናገርም። ለጠረፍ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። የሞተሩ ቁጥር በሊብሬ ላይ የተመዘገበ ስለሆነ፥ ሞተር የለወጠ ሰው መዝገቡንም ማስለወጥ አለበት። ከድንበሩ በአንድ ወገን የተገዛ ሞተር ወደ ሌላው ሲሻገር የጉምሩክ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያና የኬንያ መሪዎች ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. በሞያሌ የመረቁት የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ የመሻገሪያውን ሥርዓት ለማቅለል የተሠራ እንጂ ቀረጥን የሚያስቀር አይደለም። ከዚህም ሌላ በኬንያ የሚነዳው በግራ፥ በኢትዮጵያ በቀኝ ስለሆነ፥ ሞተሩ አንድ ዓይነት ቢሆንም በመሪው በኩል ያሉት ተቀጥላዎች አንዳንድ ጊዜ አይገጥሙም።

መኪናውን ሸጦ ሌላ መግዛት የሚያስብም ቢኖር ዘመኑን ማየት ይገባዋል። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለች፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉ ተገለጸ። እንዲህ ባለ ጊዜ በእጅ ያለ ነገር ዋጋው ከፍ ይላል፤ ደኅና ማገር ያለውን ቤት ስለ ክዳኑ ማፍሰስ ማፍረስ አይገባም። ስለዚህ የጥገናው ዋጋ መነጻጸር ያለበት ከሞተሩ መግዣ ጋር ብቻ አይደለም፤ ከማጓጓዣው፥ ከቀረጡ፥ ከመዝገቡ ጣጣና መኪናው ሥራ ፈትቶ ከሚቆምባቸው ቀኖች ጋር ተደምሮ ነው።

ከሁሉ የሚረክሰው ውሳኔ ግን በጋራዥ የሚሰጠው ሳይሆን በመንገድ ላይ የሚሰጠው ነው። የሙቀት መለኪያው መርፌ ሲወጣ ያየ ሾፌር፥ ተሳፋሪው ቢያጉረመርምና ከተማው ቅርብ ቢሆንም፥ ዳር ይዞ ቆሞ ሞተሩን ማጥፋት አለበት። የጋለውን ክዳን ቢከፍት እንፋሎቱ ፊቱን ያቃጥለዋል፤ በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ቢያፈስ ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ እስኪበርድ መታገሥ ይሻላል። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፥ በጥላ ሥር የሚያልፍ አንድ ሰዓት ሙሉ ሞተር ያድናል፤ «ትንሽ ነው የቀረን» ተብሎ የሚነዳ አሥር ኪሎ ሜትር ግን ሊጠገን ይችል የነበረውን ወደሚለወጠው ይጨምረዋል።