መሄድ ወይስ መቅረት? ሳይንስ ስለ አንድ ከባድ ውሳኔ ምን ይላል?

አንድ በሙያው የተከበረ፣ በሥራውም የሚደሰት ሰው ከውጭ አገር ከፍ ያለ ደመወዝ ያለው ሥራ ቢቀርብለት ምን ማድረግ ይገባዋል? ሥራ ለሌለው ሰው መልሱ እምብዛም አያስቸግርም፤ ጥያቄው የሚከብደው ጥሩ ሥራ በእጁ ላለው ነው። በአገራችን ይህ ጥያቄ በሐኪሞች፣ በመሐንዲሶችና በዩኒቨርሲቲ መምህራን ዘንድ ደጋግሞ ይነሳል። ዛሬ በትምህርት ላይ ከሚገኙት አንባቢዎቻችን መካከልም ነገ የሚገጥማቸው ጥቂት አይሆኑም። በዚህ ጽሑፍ ሂዱ ወይም ቅሩ የሚል ምክር አንሰጥም። ዓላማችን የኢኮኖሚክስና የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ስለ ውሳኔ አሰጣጥ ከደረሱባቸው ግኝቶች በመነሳት፣ ሚዛናችንን የሚያዛቡትን ነገሮች ለይቶ ማሳየት ነው።

የፍራንክሊን ሚዛን

እ.ኤ.አ. በ1772 እንግሊዛዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ጆሴፍ ፕሪስትሊ ተመሳሳይ ጭንቀት ገጥሞት ነበር። በሊድስ ከተማ በሰባኪነት በዓመት 105 ፓውንድ ያህል እያገኘ ሲኖር፣ ሎርድ ሼልበርን የተባሉ መኳንንት ራቅ ወዳለ ስፍራ ሄዶ በቤተ መጻሕፍት ኃላፊነትና በአማካሪነት እንዲያገለግላቸው ጠየቁት። የቀረበለት ክፍያ በዓመት 250 ፓውንድ ከመኖሪያ ቤት ጋር ነበር። ፕሪስትሊ ወዳጁን ቤንጃሚን ፍራንክሊንን ምክር ጠየቀ። ፍራንክሊን በመልሱ ምን መወሰን እንዳለበት ሳይሆን እንዴት መወሰን እንደሚችል ብቻ ጻፈለት።

ዘዴው ቀላል ነው። አንድ ወረቀት በመስመር ለሁለት ይከፈላል፤ በአንዱ ወገን የድጋፍ፣ በሌላው ወገን የተቃውሞ ምክንያቶች ይሰፍራሉ። ይህ በአንድ ቀን ሳይሆን በሦስትና በአራት ቀናት ይከናወናል፤ ምክንያቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ አእምሮ አይመጡምና። ከዚያም ለእያንዳንዱ ምክንያት ክብደት ይሰጠዋል። ክብደታቸው እኩል የሆኑት ከሁለቱም ወገን ይሰረዛሉ፤ አንዱ ሁለቱን የሚመዝን ከሆነ ሦስቱ አብረው ይሰረዛሉ። በመጨረሻ የሚተርፈው ሚዛኑ ወዴት እንደሚያዘነብል ያመለክታል።

ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረው ይህ ዘዴ ዛሬም ይሠራል። ሆኖም አንድ ችግር አለበት፤ ክብደት የሚሰጠው የሰው አእምሮ ነው፤ አእምሮ ደግሞ በሚገመቱ መንገዶች ይሳሳታል። ከእነዚህ ስሕተቶች ሦስቱን እንመልከት።

የምንዛሪ ስሌት

የመጀመሪያው ስሕተት የውጭውን ደመወዝ በሙሉ በብር አባዝቶ ካገር ቤቱ ጋር ማወዳደር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ስሌት ይበልጥ አጓጊ ሆኗል። ነገር ግን ዶላር የሚያገኝ ሰው የሚኖረው በዶላር ዋጋ ነው። የኢኮኖሚክስ ባለሙያዎች በአገራት መካከል ገቢን ሲያወዳድሩ በባንክ ምንዛሪ ብቻ ሳይሆን ገንዘቡ በየአገሩ ሊገዛ በሚችለው ዕቃና አገልግሎት መጠን የሚለኩትም በዚህ ምክንያት ነው።

ለምሳሌ ያህል በወር 4,000 ዶላር የሚከፈለው ሰው እናስብ። ግብር 800፣ የቤት ኪራይ 1,500፣ ምግብ፣ መጓጓዣና ሌላው ወጪ 900 ቢሆን፣ በእጁ የሚቀረው 800 ዶላር ነው። በምንዛሪ ማባዛት የሚገባን ይህን ብቻ ነው፤ በአገር ቤት ዋጋ ሊወጣ የሚችለው እርሱ ነውና።

ስሌቱ በዚህ አያበቃም። ማይክል ቶዳሮ የተባሉት የኢኮኖሚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1969 እንዳስረዱት፣ ስደተኛ ማመዛዘን ያለበት የተነገረውን ደመወዝ ሳይሆን የሚጠበቀውን ገቢ ነው፤ ይኸውም ገቢው በመገኘቱ ዕድል ተባዝቶ ማለት ነው። በምሳሌያችን ያለው ሰው በሙያው ለመሥራት የፈቃድ ፈተና ማለፍ ይኖርበታል እንበል። የማለፍ ዕድሉ 0.6 ቢሆን፣ ካላለፈ ደግሞ ከሙያው በታች ሠርቶ በወር 200 ዶላር ብቻ ቢተርፈው፣ የሚጠበቀው ትርፍ (0.6 × 800) + (0.4 × 200) = 560 ዶላር ይሆናል። እነዚህ ቁጥሮች ለማስረጃ የተፈጠሩ ናቸው፤ አንባቢ በራሱ ቁጥሮች ሊተካቸው ይችላል። ዋናው ነገር 4,000 የነበረው ወደ 560 መውረዱን ማስተዋል ነው። 560 ዶላርም ቢሆን ከአገር ቤቱ ትርፍ ሊበልጥ ይችላል፤ ውሳኔው ግን በትክክለኛው ቁጥር ላይ ይመሥረት።

ኪሳራ ከትርፍ ይከብዳል

አበው በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይላሉ። የሥነ ልቦና ምርምር ግን ብዙ ጊዜ የዚህን ተቃራኒ አግኝቷል፤ ሰው በእጁ ያለውን መዳብ ወርቅ አድርጎ ያያል። ዳንኤል ካህነማን እና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ባቀረቡት ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ አንድን ነገር ማጣት የሚያስከትለው ሕመም ያንኑ ነገር ማግኘት ከሚሰጠው ደስታ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናት ልዩነቱ ከሁለት እጥፍ በጥቂቱ እንደሚበልጥ ገምተዋል።

ይህ ማለት የሄደ ሰው የሚያጣቸው ነገሮች፣ ማለትም ቢሮው፣ ማዕረጉ፣ የሥራ ባልደረቦቹ፣ ከእውነተኛ ክብደታቸው በላይ ሊመዝኑ ይችላሉ። ይህን የሚፈትሽ አንድ ጥያቄ አለ። አሁን የምትኖሩት በውጭ አገር በዚያ ሥራ ላይ ሆኖ፣ የዛሬው ሥራችሁ ከአገር ቤት ቢቀርብላችሁ፣ ያንን ትታችሁ ትመጡ ነበርን? መልሱ አልመጣም ከሆነ፣ እግር የያዘው የሥራው ጥሩነት ሳይሆን ልማድ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ጥናት አለ። አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ስቲቨን ሌቪት ውሳኔ ያቃታቸው ፈቃደኞች ዘውድ ወይም ጎፈር ጥለው እንዲወስኑ አደረጉ። ከ20,000 በላይ ሳንቲሞች ተጣሉ። ለውጥ እንዲያደርጉ ሳንቲሙ ከነገራቸው መካከል ብዙዎች እንደታዘዙት አደረጉ፤ ሥራን እንደመልቀቅ ባሉት ትልልቅ ውሳኔዎች ላይም ለውጥ ያደረጉት ከስድስት ወር በኋላ ከሌሎቹ ይበልጥ ደስተኞች ሆነው ተገኙ። ጥናቱ የሚመለከተው ሁለቱ ወገኖች እኩል የመዘኑባቸውን ሰዎች መሆኑን ግን መዘንጋት አይገባም።

ዓይን ያረፈበት

ሦስተኛው ስሕተት ተቃራኒ አቅጣጫ አለው። እ.ኤ.አ. በ1998 ዴቪድ ሽኬድ እና ካህነማን በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብና በደቡብ ካሊፎርኒያ የሚማሩ ተማሪዎችን ጠየቁ። ሁለቱም ወገኖች የካሊፎርኒያ ነዋሪ በሕይወቱ ይበልጥ የሚረካ መስሏቸው ነበር። እያንዳንዱ ስለ ራሱ ሲጠየቅ ግን ልዩነት አልተገኘም። ተማሪዎቹ ሲገምቱ ዓይናቸው ያረፈው በአየር ጠባዩ ላይ ነበር፤ በኑሮ ውስጥ ግን የአየር ጠባይ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ስለ ውጭ አገር ስናስብም ዓይናችን በደመወዝና በመኪና ላይ ያርፋል። የማክሰኞ ከሰዓት በኋላው፣ የሚጠይቅ ዘመድ የሌለበት ሕመም፣ በሌላ ቋንቋ የሚያድገው ልጅ በሥዕሉ ውስጥ አይታዩም።

የመመለሻው በር

እስካሁን ያየነው ክብደትን ስለ ማስተካከል ነው። ከሁሉም በላይ መጠየቅ ያለበት ግን ውሳኔው ሊቀለበስ ይችላል ወይስ አይችልም? የሚለው ነው። የወደፊቱ በማይታወቅበት ጊዜ የማይቀለበስ እርምጃ ተጨማሪ ዋጋ እንደሚያስከፍል የመዋዕለ ንዋይ ጥናት ያስረዳል፤ መመለሻ ያለው እርምጃ ግን ስሕተቱን ያረክሰዋል። ፕሪስትሊ የሼልበርንን ጥያቄ የተቀበለው ከ250ው ፓውንድ ሌላ፣ ቢለያዩ ዕድሜ ልኩን በዓመት 150 ፓውንድ እንደሚከፈለው ቃል ተገብቶለት ነው። በአዲሱ ሥራው ላይ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 1774 ኦክስጅን የምንለውን ጋዝ ለየ። እ.ኤ.አ. በ1780 ከሼልበርን ሲለያይም ያ ውል ጠቀመው።

ስለዚህ ተጓዡ ከደመወዙ ቀድሞ መመርመር ያለበት መመለሻውን ነው። መሥሪያ ቤቱ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይሰጠዋልን? የመኖሪያ ፈቃዱ ከአንድ አሠሪ ጋር የታሰረ ነውን? በአሜሪካ በኤች-ዋን-ቢ ቪዛ የሚሠራ ሰው ከሥራው ቢለይ አዲስ አሠሪ ለማግኘት ወይም ለመውጣት በአብዛኛው ቢበዛ 60 ቀናት ነው ያለው። ሙያው በሁለት ዓመት ውስጥ ይዳብራል ወይስ ይዝጋል? ከሙያው ውጭ የሚውል ሐኪም ገንዘብ ይዞ ቢመለስም እጁን አጥቶ ሊመለስ ይችላል።

የሌሎች ዓምድ

የፍራንክሊን ወረቀት ሁለት ዓምድ ብቻ አለው። በእኛ ኑሮ ግን ሦስተኛ ዓምድ ያስፈልጋል፤ እርሱም ውሳኔው የሚነካቸው የሌሎች ሰዎች ነው። የሚላከው ገንዘብ ወንድምን ያስተምራል፤ እናትን ያሳክማል። በሌላ በኩል አንድ ልምድ ያለው መምህር ሲለቅ የሚያማክራቸው ተመራቂዎች ያለ አማካሪ ይቀራሉ።

ይህ ዓምድ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን አያዘነብልም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ እንዶድ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል የተገነዘቡት ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበትን ወንዝ በዓይናቸው ስላዩ ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ደግሞ በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሆነው አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አዳቅለው የአፍሪካን ገበሬ ጠቅመዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2009ም የዓለም ምግብ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። አንዱን ሥራ ወንዙ ዳር፣ ሌላውን ቤተ ሙከራው ፈጠረው። እንግዲህ ወረቀቱን ያሰመረ ሰው በሦስተኛው ዓምድ ራስ ላይ ይህን ጥያቄ ይጻፍ፤ እኔ ልሠራው የምችለው ሥራ የሚሠራው የት ነው?