«መቶ ፐርሰንት ጨመረ!» ሲሏችሁ «ከስንት?» በሉ

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። «ይህን ክኒን የምትወስድ ሴት ደሟ የመርጋት ዕድሉ መቶ ፐርሰንት ይጨምራል» ብትባሉ ምን ትረዳላችሁ? አንዲት የማውቃት ወጣት «መቶ ፐርሰንትማ አይቀርም ማለት ነው!» ብላኝ አረፈችው። አይፈረድባትም። በእኛ አነጋገር «መቶ ፐርሰንት» ማለት «በእርግጠኝነት» ነዋ!

ነገሩ ግን ሌላ ነው። ወሬው እንግሊዝ አገር በእርግጥ የደረሰ ነው። ጥቅምት 1988 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1995) የአገሪቱ የመድኃኒት ደህንነት ኮሚቴ ለሐኪሞችና ለመድኃኒት ቤቶች ማስጠንቀቂያ ላከ። ሦስተኛው ትውልድ የሚባሉት የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒኖች የደም መርጋትን አደጋ በእጥፍ ይጨምራሉ አለ። ቴሌቪዥኑም ጋዜጣውም ተቀባበለው። እጥፍ! መቶ ፐርሰንት! ሴቶቹ ደነገጡ፤ ስንቷ ክኒኗን ጣለች።

አሁን ቁጥሩን እንየው። የቀድሞውን ዓይነት ክኒን ከሚወስዱ 7,000 ሴቶች ውስጥ በዓመት ደም የሚረጋባት አንዷ ነበረች። አዲሱን ከሚወስዱ 7,000 ውስጥ ደግሞ ሁለት። ከአንድ ወደ ሁለት ሲሄድ መቶ ፐርሰንት ጨመረ ይባላል፤ ሒሳቡ ውሸት የለበትም። ግን የቀሩት 6,998 ሴቶችስ? ደማቸው አልረጋም!

የሚያንገበግበው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ክኒኑን ያቋረጡት ሁሉ ሌላ መከላከያ አልያዙም። ብዙዎቹ ሳያስቡት አረገዙ። በቀጣዩ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ ብቻ ከወትሮው በላይ ወደ 13,000 የሚጠጋ ጽንስ የማስወረድ ተግባር እንደተፈጸመ ተገምቷል። ይባስ ብሎ እርግዝና ራሱ ደም የማርጋት አደጋው ከክኒኑ ይበልጣል። ከድጡ ወደ ማጡ ይሏል ይሄ ነው!

ርዕስ የሚያወጣ ሰው «እጥፍ» የምትለዋን ቃል ይወዳታል። «ከ7,000 ሴት አንዲት ተጨመረች» ቢል ማን ጋዜጣ ይገዛል?

ሌላም ጉድ አለ። ፐርሰንት ሲወጣና ሲወርድ አንድ አይደለም። አለቃችሁ ከ10,000 ብር ደመወዛችሁ ላይ 20 ፐርሰንት ቀንሶ በዓመቱ «ይኸው 20 ፐርሰንት መለስኩላችሁ» ቢላችሁ ፈጥናችሁ እንዳታመሰግኑ። እጃችሁ የሚገባው 9,600 ነው። ቅነሳው ከ10,000፣ ጭማሪው ግን ከ8,000 ላይ ነዋ! ብርም ያው ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በወራት ውስጥ ከእጥፍ አለፈ። 114 ሲገባ ዶላሩ መቶ ፐርሰንት ወጣ፣ ብሩ ግን 50 ፐርሰንት ወረደ። አንዱ ጋዜጣ 100፣ ሌላው 50 ብሎ ቢጽፍ ሁለቱም ልክ ናቸው።

ክኒን የምትወስዱ እህቶች፣ እንዲህ ያለ ወሬ ስትሰሙ ክኒኑን ከመጣላችሁ በፊት ሐኪማችሁን «ከስንት ወደ ስንት?» በሉት። ማቋረጥ ካማራችሁም ሌላ መከላከያ ሳትይዙ አይሁን። ከዚህ በፊት ደም የረጋባት፣ ወይም ዕድሜዋ ከ35 በላይ ሆኖ ሲጋራ የምታጨስ ግን እነዚህ ቁጥሮች ለእሷ አይሠሩም። አደጋው ለእሷ ከፍ ያለ ነውና ይህንኑ ለሐኪሙ ሳትደብቅ ትንገረው።