ፕሮግራምን ከርቀት መምራት፦ ሪፖርት የማይነግረንን እንዴት እናውቃለን?



የዛሬው ጥያቄዬ አንድ ነው፤ የፕሮግራም ሥራ አስኪያጅ ባልደረቦቹን በአካል ሳያገኝ ሲመራ ምን ያጣል? ብዙዎች “ስብሰባ” ብለው ይመልሳሉ። ስብሰባማ በዙም ሞልቶ ተርፏል። የሚጠፋው ሌላ ነገር ነው።

አስቀድመን ፕሮግራምን ከፕሮጀክት እንለይ። ፕሮጀክት መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ሥራ ነው። ፕሮግራም ደግሞ ተነጣጥለው ቢመሩ የማይገኘውን ጥቅም ለማስገኘት ተያያዥ ፕሮጀክቶችን በአንድነት ያስተባብራል። ስለዚህ የሥራ አስኪያጁ ዐይን ማረፍ ያለበት በፕሮጀክቶቹ መካከል ባለው ክፍተት ላይ ነው።

አዲስ አበባ ተቀምጬ በክልሎች የሚካሄዱ የጤና ፕሮጀክቶችን በማስተባብርበት ጊዜ፣ አንዱ ፕሮጀክት በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ የክትባት ማቀዝቀዣዎችን ለጤና ኬላዎች ያቀርብ ነበር። ሌላው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን በአጠቃቀማቸው ያሠለጥናል። የግዥው ሪፖርት “ዕቃው ጉምሩክ ደርሷል” ይላል፤ የሥልጠናው ሪፖርት “በዕቅዱ መሠረት ይካሄዳል” ይላል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ነገር ግን ጉምሩክ መድረስና ከጉምሩክ መውጣት የተለያዩ ናቸው፤ ማቀዝቀዣውን ሳይነካ የሠለጠነ ሠራተኛም ዕቃው ከወራት በኋላ ሲደርሰው የተማረውን ረስቶ ይጠብቀዋል። ጉዳዩ የታወቀው አንድ የመጋዘን ኃላፊ ለሌላ ነገር ደውሎ፣ በጨዋታ መሐል “ወረቀቱ እኮ ገና አልተፈረመም” በማለቱ ነው። ሥልጠናው በጊዜው ተላለፈ። በአንድ ቢሮ ብንሠራ ይህች ዐረፍተ ነገር ቡና ላይ ትነገር ነበር፤ ከርቀት ግን ሆን ተብሎ ቦታ ካልተዘጋጀላት አትመጣም። አጀንዳ የሌለው የስልክ ጥሪን የሥራዬ አካል አድርጌ የምቆጥረው ለዚህ ነው።

ወደ ቋንቋችን ልምጣ። “እሺ” አንዳንዴ “ተስማምቻለሁ”፣ አንዳንዴ “ሰምቻለሁ”፣ አንዳንዴም “አላደርገውም፤ ግን ላስቀይምዎት አልፈልግም” ማለት ነው። በአካል ስንገናኝ ፊት ይለየዋል። በቴሌግራም ግን ሦስቱም ያው ሁለት ፊደል ናቸው። “ትደርሳላችሁ?” ብሎ የጠየቀ “እሺ” ይቀበላል፤ “ከመድረስ የሚያግዳችሁ ምንድን ነው?” ብሎ የጠየቀ ግን መረጃ ያገኛል። ይህንንም በቡድን ስብሰባ ላይ ሳይሆን ለየብቻ መጠየቅ ይሻላል፤ በሰው ፊት ለአለቃ መጥፎ ዜና መናገር ለብዙዎቻችን ከባድ ነውና።

የቀን አቆጣጠሩም ቀላል አይደለም። “3 ሰዓት” ለእኛ ጠዋት፣ ጄኔቫ ላለው አጋር ከሌሊት ወይም ከቀትር በኋላ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ብዙም የማይስተዋለው “ሁለተኛው ሩብ ዓመት” ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ለወረዳው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ነው፤ ዓመቱን በጃንዋሪ ለሚጀምር ለጋሽ ግን ከኤፕሪል እስከ ጁን ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ቃል ተስማምተው በስድስት ወር ሊለያዩ ይችላሉ። ስለዚህ የውሳኔ ሰነድ ላይ የወር ስምና ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ እላለሁ።

የመጨረሻው ነጥቤ ሥልጣንን ይመለከታል። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገሪቱ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ የቀረው አንድ ሳምንት ብቻ ነበር። አገልግሎቱ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስም ሦስት ሳምንታት ያህል አልፈዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ለእያንዳንዱ ክፍያ የዋናውን ቢሮ ኢሜይል የሚጠብቅ አስተባባሪ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። በእጁ የተፈረመ ወረቀት ያለው፣ እስከ ስንት ብር ድረስ ሳያስፈቅድ እንደሚከፍልና ስልክም ሲጠፋ ማን እንደሚወስን የሚያውቅ ግን ሥራውን ይቀጥላል። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህ ቁጥጥርን ያላላል ይላሉ። እኔ አልስማማም፤ ጣሪያው አስቀድሞ ከተጻፈ ኦዲተሩም የሚመረምርበት መለኪያ ያገኛል። ጣሪያው ስንት ይሁን የሚለው ግን ከወረዳ ወረዳ ይለያያል፤ በዚህ ላይ የእናንተን ጥያቄና ክርክር ለመስማት ዝግጁ ነኝ።