ከደመወዛችን ስንት ይቆረጣል? ማንስ ይደራደርልናል?

ስንመረቅ ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናመለክተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። አንዱ መምህር፣ አንዷ ነርስ፣ ሌላው የወረዳ መሐንዲስ ይሆናል። የመጀመሪያውን ፔሮል ከመፈረማችን በፊት ከደመወዝ ላይ የሚቆረጠው ግብር እንዴት እንደሚሰላ ማወቅ ይጠቅመናል።

በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነፃ ያደረገው የወር ደመወዝ እስከ 600 ብር ያለውን ብቻ ነበር። ከ10,900 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበት ነበር። ያኔ 10,900 ብር ትልቅ ደመወዝ ነበር። ከዚያ በኋላ ዋጋው ናረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ብር በአንድ ዓመት ውስጥ ከዶላር አንጻር ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጣ። ደመወዝ በቁጥር ትንሽ ሲጨምር ሠራተኛው ወደ ላይኛው እርከን ይገባል፤ የሚሸምተው ጤፍ ግን ያው ነው፣ አንዳንዴም ያንሳል። ማንም ግብር ጨመርኩ ሳይል ግብር ጨመረ ማለት ነው።

መድረሳ የቀራን ይህን በኒሷብ ብናስበው ይቀለናል። (ዘካና ግብር አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ሕጋቸውም ዓላማቸውም ይለያያል።) ኒሷብን በ85 ግራም ወርቅ ስናሰላ ገንዘቡ ሲረክስ በብር የሚገለጸው መጠን አብሮ ከፍ ይላል። የ600 ብሩ ወሰን ግን በቁጥር ተጽፎ ዘጠኝ ዓመት ባለበት ቆመ።

በሐምሌ 2017 አዋጁ ተሻሻለ። አሁን እስከ 2,000 ብር ነፃ ነው፤ ቀጥሎ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30፣ ከዚያ በላይ ያለው 35 በመቶ ነው። «25 በመቶ ውስጥ ከገባህ ከሙሉ ደመወዝህ ሩቡ ይሄዳል» ሲባል እንሰማለን፤ ልክ አይደለም። እያንዳንዱ ምጣኔ የሚሠራው በራሱ እርከን ውስጥ ባለው ገንዘብ ላይ ብቻ ነው። ደመወዙ 10,000 ብር የሆነ ሰው 300፣ 600 እና 750፣ በድምሩ 1,650 ብር ይከፍላል። በድሮው ስሌት 2,045 ብር ይከፍል ነበር። ጡረታ 7 በመቶ ሲቀነስ በእጁ የሚገባው 7,650 ብር ነው።

ቅናሹ ጥሩ ነው፤ እኔ ግን በቂ ነው አልልም። 2,000ውም በቁጥር ነው የተጻፈው። ከ14,000 በላይ ደግሞ ሌላ እርከን የለም። 15,000 የሚያገኘውም 200,000 የሚያገኘውም የመጨረሻዋን ብራቸውን በአንድ ምጣኔ ይከፍሉባታል። ነጋዴ ገቢውን ራሱ ያሳውቃል፣ ወጪውንም ይቀንሳል። የደመወዝተኛው ግብር እጁ ሳይገባ ይቆረጣል፤ ትራንስፖርትና የቤት ኪራይ ከፈልኩ ብሎ የሚያስቀንሰው የለም።

ታዲያ ይህን ማን ይናገርለታል? በግል ድርጅት የሚሠራ ጓደኛችን በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር አቋቁሞ የኅብረት ስምምነት መደራደር ይችላል። የደመወዝ ግብር ይቀነስ የሚለውን ጥያቄ ባለፉት ዓመታት በሜይ ዴይ ሲያነሣ የቆየው የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ነው። የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞች ግን በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም። የግብሩ ሠንጠረዥ ለሁሉም ደመወዝተኛ አንድ ስለሆነ ቅናሹ ለእነርሱም ደረሰ፤ ጥያቄውን ያነሣው ማኅበር ግን የእነርሱ አይደለም።

የሙያ ማኅበራት የሉም ወይ? አሉ። ነገር ግን የሙያ ማኅበር ስለ ደመወዝ በሕግ ፊት የሚጸና ስምምነት ለመፈረም የተቋቋመ አይደለም። ግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ እስከ ሥራ ማቆም ሲደርስ ይህ ክፍተት በግልጽ ታይቷል።

የሚገርመው መብቱ በወረቀት ላይ መኖሩ ነው። ኢትዮጵያ ስለ መደራጀትና ስለ ኅብረት ድርድር የወጡትን 87ኛውንና 98ኛውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነቶች የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 42 ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞች በማኅበር የመደራጀት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ እነማን እንደሆኑ ግን በሕግ ይወሰናል ብሎ ለሌላ ሕግ ይተወዋል።