ቤተ መጻሕፍቱ ሊያውሰው የማይችለው ጆርናል

አዲስ አበባ ስታዲየም ዙሪያ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡ ልጆች ጋር ቆሞ ዋጋ የተከራከረ ሰው፣ ማንም ሳይነግረው የሚያውቀው ነገር አለ። ብሩን ከፍሎ መጽሐፉን ከተረከበ በኋላ መጽሐፉ የራሱ ነው። አንብቦ ለእህቱ ይሰጠዋል፣ ለጓደኛው ያውሰዋል፣ ሲፈልግ መልሶ እዚያው ይሸጠዋል። አሳታሚው መጥቶ «ለማን አዋስክ?» አይለውም። ቤተ መጻሕፍት የሚባለው ተቋም ለዘመናት የኖረው በዚሁ ልማድ ነው። ገዝቶ መደርደሪያው ላይ ያኖረውን፣ ለፈለገ አንባቢ ያውሳል።

የኤሌክትሮኒክ ጆርናል ሲመጣ ይህ ልማድ ተለወጠ። ቤተ መጻሕፍቱ ጆርናሉን አይገዛውም፤ ለተወሰነ ጊዜ፣ ለተወሰኑ ሰዎች እንዲያስነብበው ይፈቀድለታል እንጂ። ፈቃዱ የሚሰፍረው ቤተ መጻሕፍቱና አሳታሚው በሚፈራረሙት ውል ላይ ነው። ተማሪው፣ መምህሩ፣ ሐኪሙ ይህን ውል አይቶት አያውቅም። ይሁን እንጂ ዛሬ ምን እንደሚያነብና ምን እንደሚከለከል የሚወስነው ከየትኛውም ሕግ ይልቅ ይኸው ወረቀት ነው። ስለዚህ ከውሉ ጋር መተዋወቅ ይገባናል።

ውሉ አስቀድሞ የሚናገረው አንባቢው ማን እንደሆነ ነው። የተቋሙ ተማሪ፣ መምህርና ሠራተኛ ይፈቀድላቸዋል። ተመርቆ የወጣ ተማሪ ብዙ ጊዜ ወዲያውኑ ከዝርዝሩ ይወጣል፤ ጆርናሉን ከመቼውም በላይ የሚፈልገው ሥራ በጀመረበት በዚያው ወቅት መሆኑ ያሳዝናል። የአሳታሚው ኮምፒውተር ግን አንባቢውን በስሙ አያውቀውም። የሚያውቀው የተቋሙን የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር፣ አይፒ የሚባለውን ነው። በግቢው ዋይፋይ የገባ ሰው ጽሑፉ ይከፈትለታል። ያው ሰው ከበር ወጥቶ በስልኩ ዳታ ሲሞክር ለአንድ ጽሑፍ 30 ዶላርና ከዚያ በላይ ክፈል የሚል ገጽ ይመጣበታል። ከቤት ሆኖ ማንበብ የሚቻለው ተቋሙ የራሱን የይለፍ ቃል መግቢያ ካዘጋጀ ብቻ ነው።

ጥሩ ውል ከሆነ ከውጭ ለመጣ እንግዳም ቦታ ይተውለታል። እንግዳው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ተቀምጦ ማንበብ ይችላል። አትሞ መውሰድ፣ በፍላሽ መገልበጥ ግን እንደየውሉ ይለያያል። ከዴስኩ ጀርባ የተቀመጠችው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ «ጋሼ፣ ማንበብ ይችላሉ፤ መውሰድ ግን አይቻልም» ስትል ከራሷ አይደለም። ያቺን መስመር የጻፈው ሌላ አገር የተቀመጠ ሰው ነው።

ውሉ በጣም የሚያጠብቀው ማዋስን ነው። በወረቀቱ ዘመን አንድ ቤተ መጻሕፍት የሌለውን ጽሑፍ ከሌላው ይጠይቅ ነበር። የተጠየቀውም ጥራዙን አውርዶ፣ የተፈለጉትን ገጾች ፎቶ ኮፒ አድርጎ በፖስታ ይልካል። እንግሊዝ አገር ቦስተን ስፓ የሚገኘው የብሪቲሽ ላይብረሪ ክፍል ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለዓለም ሁሉ እንዲህ ሲልክ ኖሯል። አሜሪካኖች ደግሞ በ1970ዎቹ መመሪያ አወጡ። አንድ ቤተ መጻሕፍት ከአንድ ጆርናል የቅርብ አምስት ዓመታት እትሞች በዓመት እስከ አምስት ቅጂ ሊያስመጣ ይችላል፤ ከዚያ ካለፈ ጆርናሉን ራሱ ይግዛ የሚል ነው። ፍትሐዊነቱ ቢያከራክርም ለሁሉም አንድ ዓይነት ስለነበረ ማንም አስቀድሞ ያውቀዋል።

የፈቃድ ውል ሲመጣ አንድ ወጥ መመሪያ ቀረ። አንዱ አሳታሚ ለሌላ ቤተ መጻሕፍት መላክን ጨርሶ ይከለክላል። ሌላው ይፈቅዳል፤ ሲፈቅድ ግን ፋይሉ እንዳለ እንዳይላክ ብሎ ነው። እዚህ ላይ ሥራው ምን እንደሚመስል ልብ ይበሉ። ጽሑፉ ባለሙያዋ ፊት፣ ስክሪኑ ላይ ተከፍቷል። በኢሜይል ለመላክ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ውሉ ግን መጀመሪያ በወረቀት አትሚው ይላታል። ታትማለች፤ ወረቀቱን ስካነር ላይ አስቀምጣ እንደገና ፎቶ ታነሳዋለች፤ ከዚያ ትልካለች። ሥዕላዊ መግለጫው ይደበዝዛል፣ ቁጥሩ አይነበብም፣ ቀለምና ወረቀት ይባክናል። ጠያቂው ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ሆኖ የሚጠብቅ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ቢሆን የሚደርሰው የደበዘዘ ቅጂ ነው። ይህ የማንንም ገቢ አልጠበቀም፤ አንባቢን ብቻ ጎድቷል።

የቦስተን ስፓው አገልግሎት መጨረሻ ብዙ ያስተምራል። ብሪቲሽ ላይብረሪ ለንግድ ላልሆነ ዓላማ ለውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት ቅጂ ይልክ የነበረው በእንግሊዝ የቅጂ መብት ሕግ ውስጥ ባለው ልዩ ፈቃድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 አሠራሩ ከአሳታሚዎች ጋር በሚደረግ የፈቃድ ውል ተተካ። ሊላኩ የሚችሉት ጆርናሎች ቁጥር አሽቆለቆለ፣ ጥያቄውም ከዓመት ዓመት ቀነሰ፤ በ2016 አገልግሎቱ ተዘጋ። ሕግ የሰጠውን መብት ውል ሲተካው ምን እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

እኛም ሕግ አለን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በአንቀጽ 12፣ ለትርፍ ያልቆመ ቤተ መጻሕፍት ለጥናት ለሚፈልግ ግለሰብ አንድን ጽሑፍ ወይም አጭር ቅንጭብ ሊያባዛ እንደሚችል ይደነግጋል። መደርደሪያ ላይ ላለ ጥራዝ አንቀጹ ግልጽ ነው። ስክሪን ላይ ላለው ግን ቤተ መጻሕፍቱ ራሱ የፈረመው ውል መሐል ይገባል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2014 ሕጋቸውን ሲያሻሽሉ፣ ሕጉ ለቤተ መጻሕፍት የሰጠውን ይህን የቅጂ ፈቃድ የሚነጥቅ የውል ቃል ዋጋ እንዳይኖረው አደረጉ። እንዲህ ያለ ግልጽ አንቀጽ ለእኛም ያስፈልገናል፤ ያለ እሱ አንቀጽ 12 በየውሉ እየተሸረሸረ ይሄዳል።

የኢትዮጵያ ነገር ከሌላው የሚለይበት ምክንያት አለው። እዚህ አብዛኛው ጆርናል የሚነበበው ተገዝቶ ሳይሆን ተሰጥቶ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከስድስት ትልልቅ አሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ እ.ኤ.አ. በጥር 2002 ሂናሪን ጀመረ። የጤና ጆርናሎችን ለድሃ አገሮች ተቋማት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ የሚከፍት ፕሮግራም ነው። በ2003 የግብርናው አጎራ፣ በ2006 የአካባቢ ጥበቃው ኦአሬ ተከተሉ፤ ዛሬ ሁሉም ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚል ስም ይጠራሉ። ኢትዮጵያ የምትመደበው በነፃ ከሚያገኙት ጋር ነው። ጄስቶር የተባለው የጆርናሎች ዲጂታል ማኅደርም ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለአፍሪካ ለትርፍ ላልቆሙ ተቋማት ያለ ክፍያ ከፍቷል። ይህን ውለታ ማሳነስ ነውር ነው። ሕክምና የተማረ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሠራ ሁሉ በአንድም በሌላም በዚህ በር አልፏል። ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በዶላር የሚከፈል ደንበኝነት ሁሉ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ስለናረ፣ በነፃ የሚገኘው ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል።

ስጦታውም ግን በፈቃድ ውል የሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2011 የባንግላዴሽ ሐኪሞች አንድ ቀን ሂናሪን ሲከፍቱ ከ2,500 የሚበልጡ ጆርናሎች ተዘግተው አገኙ። አሳታሚዎቹ አገሪቱ መግዛት ጀምራለች ብለው አስወጥተዋት ነበር። ጩኸቱ ሲበረታ ውሳኔያቸውን መለሱ። ያኔ ግልጽ የሆነው አንባቢው ሳይጠየቅ የተከፈተው በር ሳይጠየቅም ሊዘጋ እንደሚችል ነው። እኛም በዚያው ዓይነት ውል ነው የምናነበው።

በሩ ክፍት በሆነበት ጊዜም ሁሉም አይገባበትም። ፕሮግራሙ የሚመዘግበው ተቋምን ነው። ዩኒቨርሲቲ፣ የማስተማሪያ ሆስፒታል፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የአገር ውስጥ ግብረ ሰናይ ድርጅት ይመዘገባል፤ ግለሰብና የንግድ ድርጅት አይመዘገቡም። ካዛንቺስ በግል ክሊኒክ የምትሠራ ሐኪም ለአንድ ታካሚዋ አዲስ የሕክምና መመሪያ ብትፈልግ ከተመዝጋቢዎቹ ውስጥ የለችም። የምታደርገውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጥቁር አንበሳ ለቀረች የክፍል ጓደኛዋ በቴሌግራም «አንቺ፣ ይቺን አውርጂልኝ እስቲ» ብላ ሊንኩን ትልካለች፤ ፒዲኤፉ ከምሳ በፊት ይደርሳል። ብዙ ውሎች በባልደረቦች መካከል ለጥናት አንድ ቅጂ መለዋወጥን ስለሚፈቅዱ ነገሩ ሁልጊዜ ጥሰት አይደለም። ሆኖም የቤተ መጻሕፍት ሥራ በትውውቅ ሲሠራ የሚጎዳው ጓደኛ የሌለው ነው፤ ወረዳ ጤና ጣቢያ ብቻውን የተመደበው፣ ውጭ ዘመድ የሌለው።

ሌላው የሚረሳው ጉዳይ ውሉ ሲያበቃ የሚሆነው ነው። የውጭ ምንዛሪ ጠፍቶ የወረቀት ጆርናል ደንበኝነት በተቋረጠባቸው ዓመታት የቀደሙት ጥራዞች መደርደሪያው ላይ ይቀሩ ነበር። የኤሌክትሮኒኩ ግን እንደ ኪራይ ቤት ነው፤ ውሉ ካልታደሰ የከፈልክበት ዓመትም አብሮ ሊዘጋ ይችላል። ለዚህም ነው በሌላው ዓለም ያሉ ቤተ መጻሕፍት የከፈሉበት ዓመት ለዘለቄታው እንዲከፈትላቸው በውሉ የሚያስጽፉት፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረውን ሎክስንና በ2005 የተጀመረውን ፖርቲኮን የመሰሉ የጋራ ማኅደሮችም የተፈጠሩት ለዚሁ ነው።

ከእንዲህ ያለ ውል ነፃ የሆነ ንባብም ቅርባችን አለ። ከስታዲየም መስቀል አደባባይን አቋርጦ ወደ ካዛንቺስ ሽቅብ ሲወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1958 የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ይገኛል። በጥበቃ ተፈትሾ የሚገባበት ግቢ ነው። ውስጡ ያለው ቤተ መጻሕፍት ግን ኮሚሽኑ ስለ አፍሪካ ኢኮኖሚ ያሳተማቸውን ሰነዶች ስካን አድርጎ በኢንተርኔት የሰነድ ማከማቻ (ሪፖዚተሪ) አኑሯል። ስታዲየም ካፌ ቁጭ ብሎ በስልክ መክፈት ይቻላል፤ የይለፍ ቃልም ሆነ የአባልነት ካርድ አይጠየቅም። ልዩነቱን የፈጠረው ባለቤትነት ነው። ኮሚሽኑ የራሱን ጽሑፍ ለመክፈት የማንንም ውል አይጠብቅም።

የራሳችንን ጽሑፍ የምናነብበትን መንገድ ስናይ ነገሩ ይበልጥ ይሰማል። ከ1963 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስድስት ኪሎ ላይ የሚዘጋጀው የኢትዮጵያ ጥናት ጆርናል በጄስቶር በኩል ይነበባል። ተቋም የሌለው ሰው በስሙ ተመዝግቦ በወር የተወሰኑ ጽሑፎችን ስክሪን ላይ ሊያነብ ይችላል፤ ይህን የማያውቁ ብዙ ስለሆኑ እዚህ መጥቀሱ ይጠቅማል። በ1998 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይንም በርካታ የኢትዮጵያ ጆርናሎችን ይዟል።

በ2019 (እ.ኤ.አ.) የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር የነበረው መሥሪያ ቤት ያጸደቀው ብሔራዊ ፖሊሲ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ምርምር በብሔራዊው ዲጂታል ሪፖዚተሪ እንዲቀመጥና ለሁሉም እንዲከፈት ያዛል። ፖሊሲው የሚሠራው ግን ተመራማሪው ጽሑፉን ሲያስገባ ነው። ብዙ አሳታሚዎች ደራሲው በገምጋሚዎች ተቀባይነት ያገኘውን የመጨረሻ ረቂቁን በተቋሙ ሪፖዚተሪ እንዲያኖር ይፈቅዳሉ፤ አንዳንዶቹ ጥቂት ወራት አስጠብቀው። ስለዚህ መምህሩ ከአሳታሚው የተላከለትን ውል ከመፈረሙ በፊት ይህ ፈቃድ እንዳለበት ያረጋግጥ፤ ከሌለም ይጠይቅ፤ ረቂቁን ከኮምፒውተሩ ሳይሰርዝ ለቤተ መጻሕፍቱ ይላክ። ቤተ መጻሕፍቱም በበኩሉ የፈረማቸውን ውሎች ዋና ዋና ነጥቦች፣ ማን ማንበብ እንደሚችል፣ እንግዳ ምን እንደሚፈቀድለት፣ ለሌላ ቤተ መጻሕፍት መላክ ይቻል እንደሆነ፣ በአማርኛ በአንድ ገጽ አሳጥሮ ዴስኩ ላይ ይለጥፍ።