የከርቤ ንጥር እና ቢልሃርዚያ

ከርቤ ኮሚፎራ ሚራ የተባለው እሾኻማ ዛፍ ቅርፊቱ ሲቆስል የሚያፈሰው ሙጫ ነው። ዛፉ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢዎች፣ በሶማሊያና በደቡብ ዐረቢያ ይበቅላል። በአገራችን ከርቤን ለማጠኛነትም ሆነ ለመድኃኒትነት መጠቀም የቆየ ልማድ በመሆኑ፣ የጤና ባለሙያው ስለ ፈዋሽነቱ በታማሚዎች መጠየቁ አይቀርም።

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። የኢጣሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 በኔቸር መጽሔት እንዳሳወቁት፣ ከከርቤ ተለይቶ የወጣ አንድ ውህድ የአይጦችን ሕመም አስታግሧል፤ ናሎክሶን ሲሰጣቸው ግን ማስታገሡ ቀርቷል። ይህም ውህዱ በኦፒኦይድ ተቀባዮች በኩል እንደሚሠራ ያመለክታል። በአውሮፓም የከርቤ ቲንክቸር ለቀላል የአፍ ውስጥ ቁስለትና ብግነት በባህላዊ መድኃኒትነት ዕውቅና አለው። ዕውቅናው የተመሠረተው ግን በረጅም ዘመን አጠቃቀም እንጂ በጠንካራ ክሊኒካዊ ሙከራ አይደለም።

ብዙ ያከራከረው በግብፅ ሚራዚድ በሚል ስም ለቢልሃርዚያ የቀረበው የከርቤ ንጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት ንጥሩን ለሦስት ቀናት ከወሰዱ 204 ታማሚዎች 91.7 በመቶ ያህሉ እንደዳኑ ተገለጸ። ውጤቱ እጅግ ተስፋ ሰጪ ነበር፤ ምናልባትም ከመጠን በላይ። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ ሌላ ጥናት ሚራዚድ በሺስቶሶማ ማንሶኒ በተያዙ ተማሪዎችና ቤተሰቦች ላይ ከፕራዚኳንቴል ጋር ጎን ለጎን ሲፈተሽ፣ የፈወሰው ከ10 በመቶ በታች የሚሆኑትን ብቻ ነው። ፕራዚኳንቴል የወሰዱት ግን አብዛኞቹ ድነዋል።

ማነጻጸሪያ የሌለው ሙከራ በዚህ በሽታ ላይ በቀላሉ ያሳስታል። ትሎቹ የሚጥሉት እንቁላል ከቀን ቀን ስለሚለዋወጥ፣ ቀላል ልክፍት ያለበት ሰው በአንድ የሰገራ ናሙና ነጻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ታማሚው ድኛለሁ ብሎ ሲቀመጥ፣ እንቁላሎቹ በጉበቱ ውስጥ ጠባሳ መፍጠራቸውን ይቀጥላሉ፤ የጉበት በር ደም ሥር ግፊት ይጨምራል፤ ከዓመታት በኋላም ደም እያስመለሰ ሊመጣ ይችላል። በጣና ወይም በዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ ለሚሠራ ባለሙያ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ለቢልሃርዚያ የሚታዘዘው ፕራዚኳንቴል ነው፤ የተለመደው መጠን በኪሎ ግራም ክብደት 40 ሚሊ ግራም ነው። ከርቤ ሊተካው አይገባም። ታማሚው አስቀድሞ ከርቤ ወስዶ ከሆነም የሰገራ ምርመራው ሊታለፍ አይገባም።

ነፍሰ ጡሮች ከርቤን በአፍ እንዳይወስዱ መምከር ያስፈልጋል፤ ማሕፀንን ያነቃቃል ተብሎ ይሠጋልና። ከርቤ የዋርፋሪንን ኃይል እንደቀነሰ የሚያመለክት የአንድ ታማሚ ሪፖርትም ስላለ፣ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው የደም መርጋት ምርመራ ውጤት ያለ ግልጽ ምክንያት ሲዛባ፣ ከርቤ ይጠቀም እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ሳይጠየቅ የሚናገር ጥቂት ነው፤ ብዙዎች ከርቤን ከመድኃኒት አይቆጥሩትም።